ውሃ ያቆረ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሞዴል አውሮፕላን ማብረሪያ ሜዳዎች ውሃ እያቆሩ መቸገራቸውን የሚገልጹ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን አራት ጥያቄዎችን ለዚህ ዕትም መርጠናል። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው የሌሎቹም መነሻ እሱ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ አነስተኛ የሞዴል አውሮፕላን ክለብ ሰብሳቢ ነኝ። ሜዳችን ሣር የለበሰ ሲሆን መንደርደሪያው 100 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱም 15 ሜትር ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር አጋማሹ ላይ ውሃ ይተኛና ከሳምንት በላይ ይቆያል። አባላቱ በሐሳብ ተከፍለናል፤ ገሚሱ ቱቦ እንቅበር ሲል ገሚሱ አሸዋ አፍስሰን ጎድጓዳውን እንሙላ ባይ ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የጀመሩት ከመፍትሔው ነው። ቱቦም ሆነ አሸዋ ከመገዛቱ በፊት ግን ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ለምንስ ባለበት እንደሚቀር መታወቅ አለበት። ውሃ በሣር ሜዳ ላይ የሚተኛው በጥቅሉ በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ከሜዳው ውጪ ካለ ከፍ ያለ መሬት ጎርፍ እየወረደ ሲገባ፣ በሜዳው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ አፈሩ መስረግ ሲያቅተው፣ ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ወደ ገጽ ተቃርቦ አፈሩ ከሥር ሲሞላ። የመጀመሪያው በቦይ፣ ሁለተኛው አፈሩን በማከምና ለመሬቱ ተዳፋት በመስጠት፣ ሦስተኛው ደግሞ በአብዛኛው በተቀበረ ቱቦ የሚፈታ በመሆኑ፣ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ድካም ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ምርመራው የሚጀመረው በዝናቡ ዕለት ነው። ነጎድጓድ ከነበረ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ገላጣ ሜዳ ላይ መውጣት አይገባም። ከዚያ በኋላ ግን ቦቲ ጫማ አድርጎ ሜዳውን በእግር መዞር፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ ከሚደረግ ከማንኛውም ጥናት የበለጠ ያስተምራል። ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ፣ በሣሩ መካከል ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚቆም በዓይን ይታያል። ያቆረው ውሃ ጠርዝ ላይ ችካል ትከሉ፤ ውሃው ውስጥም ማስመሪያ የታሰረበት ዘንግ አቁማችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ። ሞቃትና ነፋሻ በሆነ ቀን ከውሃ ገጽ ላይ በትነት የሚጠፋው ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እናንተ የምታነቡት የዕለት ቅናሽም ከዚሁ የማይበልጥ ከሆነ ውሃው ወደ ታች እየሰረገ አይደለም፤ ፀሐይና ነፋስ ብቻ እየወሰዱት ነው ማለት ነው። ጥልቀቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ ኩሬ በዚህ አካሄድ ለመድረቅ 10 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ «ከሳምንት በላይ ይቆያል» ማለታችሁም ወደዚህ ግምት ይወስደኛል።

መጠኑም ቀላል አይደለም። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። በእናንተ መንደርደሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 45,000 ሊትር ይሆናል፤ ከጎን የሚገባው ጎርፍ ሳይቆጠር ማለት ነው። አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊሜትር በላይ ሊያሰርግ ሲችል ሸክላማ አፈር የሚያሰርገው ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እንደ መረሬ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ደርቆ በተሰነጠቀበት ወቅት የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ በኩል ቶሎ ይውጠዋል፤ ከረጠበ በኋላ ግን አብጦ ስንጥቁን ስለሚዘጋው ተከታዩን ዝናብ ሁሉ ከላዩ ላይ ያስቀረዋል። በመጀመሪያው ዝናብ ደህና የነበረ ሜዳ በሦስተኛውና በአራተኛው ድንገት ኩሬ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃው ሲጎድል ያቆረበት ቦታ መሐል ላይ 40 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍሩና አንደኛውን ግድግዳ በቢላዋ ጠርባችሁ ተመልከቱ። አፈሩ ወጥ የሆነ ቡናማ መልክ ካለው አየር ያገኛል ማለት ነው። ግራጫ ሆኖ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ጣል ጣል ካሉበት በየጊዜው ለረጅም ቀናት ውሃ ይሞላዋል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካለው አየር ጨርሶ አጥቷል። የሣሩን ሥር ደግሞ ጣት እያስገባችሁ ተከታተሉት። ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር እንደ ወረደ በአንድ ላይ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ እዚያ ጥልቀት ላይ የተጠቀጠቀ ንብርብር አለ። ከንብርብሩ በላይ ያለው አፈር ጭቃ ሆኖ ከሥሩ ያለው ግን እርጥብ ብቻ ከሆነ ነገሩ ተረጋግጧል፦ ውሃውን የያዘው ከላይ ያለው የተጠቀጠቀ ንብርብር ነው። በአንጻሩ ጉድጓዱ ባዶ እንደ ሆነ ቆይቶ ከሥር ውሃ እየመነጨ ከሞላ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ከላይ የሚደረገው ሁሉ ብዙ አይለውጥም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥራው መግባት ይቻላል። ውሃው ከላይኛው ጎን የሚገባ ከሆነ፣ ከመንደርደሪያው ዳርቻ በላይ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድና አፉ ወደ ዝቅተኛ ቦታ የሚወጣ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ቦይ መቆፈር ከሁሉም ሥራ ይቀድማል። ጎኖቹ በዝግታ የሚወርዱ ሆነው ሣር ከበቀለባቸው የሣር ማጨጃውም ይሄድበታል፤ ወደ ዳር የወጣ አውሮፕላንም አይሰበርበትም። የሜዳውን ገጽ በተመለከተ መንደርደሪያው ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት የሚለው እምነት መታረም ይኖርበታል። መሐል ለመሐል ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ጎኖች በ2 ከመቶ የሚያዘቀዝቅ መንደርደሪያ፣ 15 ሜትር ስፋት ካለው፣ ከመሐሉ እስከ ዳሩ የሚወርደው 15 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህ የአነስተኛ ሞዴል ጎማ እንኳን የማይቸገርበት ከፍታ ሆኖ ሳለ ውሃውን ግን ሳያቋርጥ ወደ ዳር ይመራዋል። ልኬቱን ለመሥራት ሲባጎ፣ ችካልና በቀጭን ጎማ የሚሠራ ውሃ ልክ ይበቃል።

ንብርብሩ ከተጠቀጠቀ፣ አፈሩ ሲጠነፍፍ የአፈር እንክብል እየነቀለ በሚያወጣ ማሽን መብሳት፣ ማሽኑ ከሌለም የአትክልት ሹካ 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ እየሰኩ ነቅነቅ ማድረግ ይረዳል። ቀዳዳዎቹ ከተጠቀጠቀው ንብርብር በታች መድረስ አለባቸው፤ ካልደረሱ ትርጉም የላቸውም። አሸዋን በተመለከተ ግን ሐሳቤ ጠንከር ያለ ነው። በሸክላማ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መቀላቀል አፈሩን ከማላላት ይልቅ ሊያጠነክረው ይችላል፤ ጎድጓዳውን በአሸዋ ብቻ መሙላት ደግሞ ሳፋ ውስጥ አሸዋ አድርጎ ውሃ እንደ መጨመር ነው፤ ውሃው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይወጣም፣ ሜዳውም ላዩ ደረቅ መስሎ ጎማ ይውጣል። ጎድጓዳውን መሙላት ካስፈለገ ከሜዳው አፈር ጋር አንድ ዓይነት በሆነ አፈር፣ በየጊዜው በስሱ እየተጨመረ፣ ሣሩ እየወጣበት ቢደረግ ይመረጣል። አሸዋ ቦታው የሚሆነው ከገጽ ጀምሮ በተቀበረ ቱቦ ዙሪያ እስካለው ጠጠር ድረስ በተቆፈሩ ጠባብ ቦዮች ውስጥ ነው።

ቱቦን የሚደግፉት አባላት አንድ ነገር ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፦ የቱቦው አፍ የት ይወጣል? ከሜዳው ዝቅ ያለ መውጫ ከሌለ የተቀበረ ቱቦ ውሃ የሞላ ቱቦ ከመሆን አያልፍም። መውጫ ካለ ቀዳዳ ያለውን ቱቦ በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጋችሁ፣ ዙሪያውን በታጠበ ጠጠር ሞልታችሁ፣ ጠጠሩንም እስከ ገጹ አካባቢ አድርሱት። በሸክላማ መሬት ላይ ጠጠሩ መልሶ በአፈሩ ከተደፈነ ውሃው ቱቦውን ሳያገኘው ከላይ ይቀራል። ሜዳው የኪራይ ከሆነ የባለ መሬቱ ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ። ውሃውን ወደ ጎረቤት እርሻ ወይም መንገድ መልቀቅ ደግሞ የክለቡን ችግር ወደ ሌላ ሰው ማዛወር ስለሆነ፣ ከሚመለከታቸው ጋር ሳይነጋገሩ መቆፈር መጀመር አይገባም።

ጥያቄ፦ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እንደ ወጣች አባላት መኪናቸውን እስከ መንደርደሪያው አጠገብ እየነዱ ይመጣሉ። ሜዳው ሲዘጋባቸውም ቅር ይላቸዋል። መቼ እንደሚከፈት በምን እንወስን? የጎማ ዱካውንስ በሮለር ብናስተካክለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ያነሡት አንባቢ የጉዳዩን ልብ ነክተዋል። ሣር ለጥቂት ቀናት ውሃ ውስጥ ቢሰነብት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል፤ ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ይጎዳ እንጂ ከሥሩ መልሶ ይወጣል። እርጥብ ሳለ የተነዳበት መሬት ግን ወቅቱ ካለፈ በኋላም የተጠቀጠቀ ሆኖ ይቀራል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል አየርና ውሃ የሚመላለሱባቸው ክፍተቶች አሉ፤ ውሃ አፈሩን ሲያለሰልሰው መኪና ከወጣበት እነዚህ ክፍተቶች ይደፈጠጣሉ፣ የጉዳቱም አብዛኛው ክፍል የሚደርሰው በመጀመሪያው ማለፍ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» የሚለው ማሳመኛ ስለዚህ አያስኬድም። ዱካው ራሱ በቀጣዩ ዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦይ ይሆናል፤ በመጀመሪያው መልስ የጠቀስኩት የተጠቀጠቀ ንብርብርም በየዓመቱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ውሳኔውን ከክርክር ለማውጣት ሁሉም የሚያየው መፈተኛ ያስፈልጋል። ከሜዳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ቆንጥራችሁ በመዳፍና በጠፍጣፋ ነገር መካከል እያሻችሁ እንደ ክር አንከባልሉት። ክሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት እስኪደርስ ሳይቆራረጥ ከቀጠነ አፈሩ ገና ጭቃ ነው፤ መኪናም ሆነ ከባድ ማጨጃ አይግባ። ወደዚያ ውፍረት ሳይደርስ የሚፈረፈር ከሆነ ወደ መልካሙ ተቃርቧል። ይህ ፍተሻ ሸክላማነት ላለው አፈር የሚሠራ ሲሆን፣ አሸዋማ አፈር ጨርሶ ክር ስለማይሆን ለእሱ ተረከዝን ጫን አድርጎ ውሃ ይረጭ እንደ ሆነ ማየት ይበቃል። በደንብ የሚጠነፍፍ መሬት ከሞላ በኋላ ትርፍ ውሃውን ለማስወገድ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስድበታል፤ ሸክላማው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ፈታሹ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው አባል ቢሆንና ውጤቱ ከሜዳው መግቢያ ላይ ቢለጠፍ ቅሬታው ይቀንሳል። በእግር የሚገባ ሰው ቀላል ሞዴሉን ይዞ ቀድሞ ቢፈቀድለት ተገቢ ነው፤ በመኪናና በእግር መግባት አንድ ተደርገው መታየት የለባቸውም። የመኪና ማቆሚያውንም በሜዳው ከፍተኛ ክፍል፣ መንገድ አጠገብ፣ ጠጠር በለበሰ ቦታ ወስኖ ከዚያ ወዲያ በእግር መሄድ የክለቡ ቋሚ ደንብ ቢሆን እመክራለሁ።

ሮለሩን ተዉት። እርጥብ መሬትን በሮለር መዳመጥ ገጹን ለዓይን ያስተካክለዋል፤ የቀሩትን ክፍተቶች ግን ይደፍናቸዋል። ዱካውን ከጎንና ከጎን በሹካ እያነሡ ወደ ቦታው መመለስ፣ ከዚያም ስስ አፈር ጨምሮ ዘር መዝራት ጊዜ ቢወስድም ትክክለኛው መንገድ ነው። ሣሩ በዝናቡ ወቅት ረዝሞ ከሆነም በአንድ ጊዜ አሳጥራችሁ አትጨዱት፤ በአንድ እጨዳ ከቁመቱ ሲሦ በላይ ባይነሣ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሥሩ ተጎድቶ ሳለ ቅጠሉንም ካጣ የሚያገግምበት አቅም አይኖረውም።

ጥያቄ፦ በባልሳ እንጨት የተሠራ የኤሌክትሪክ ሞዴሌ መንደርደሪያው ዳር ያለ ኩሬ ውስጥ ወድቆ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቆየ። ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። ደርቆ ሊበር ይችላል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ባትሪው ይነቀል፤ ነገሮች ሁሉ ደህና ቢመስሉም። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ማገናኛዎቹ ውሃ ገብቶባቸው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከቤትና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በማይነድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ለበርካታ ሰዓታት ቢጠበቅ ተገቢ ነው። ካበጠ፣ ሽፋኑ ከተበሳ ወይም ከሴሎቹ አንዱ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ እንደገና ኃይል አይሞላ፤ ሙሉ ሴል 4.2 ቮልት መሆኑን በማስታወስ የሴሎቹን ልዩነትም ይለኩ። ወደቀበት የተባለው ውሃ ጨዋማ ቢሆን ኖሮ ባትሪውን ያለ ጥያቄ ማስወገድ በተገባ ነበር።

ሪሲቨሩ (የሬድዮ ምልክት ተቀባዩ)፣ የሞተሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያና ሰርቮዎቹ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ወጥተው በተጣራ ውሃ ወይም ከ90 ከመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይታጠቡ። የሚያበላሻቸው በአብዛኛው የጭቃ ውሃው ትቶት የሚሄደው ደቃቅ አፈርና ጨው ነው። ከታጠቡ በኋላ ክፍት ሆነው አየር በሚገባበት ጥላ ውስጥ ይድረቁ። ብሩሽ አልባው ሞተር ውሃን በደንብ ይችላል፤ ኩሽኔታዎቹ ግን ስለሚዝጉ ሲደርቅ ጠብታ ዘይት ይፈልጋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እንጨቱ ነው። ባልሳ ውሃ ይመጥጣል፣ በላዩ የተለበጠው ፕላስቲክ ደግሞ ውሃውን ከውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከሥር በኩል በማይታይ ቦታ ሽፋኑን በትንሹ ቀዶ ውሃውን ማንጠፍጠፍ፣ ክንፉንም እንዳይጣመም በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ በክብደት ይዞ ማድረቅ ያስፈልጋል። በኃይለኛ ፀሐይ ወይም በማሞቂያ ማፋጠን አንዱን ጎን ቀድሞ ስለሚያደርቀው ክንፉን ያጣምማል። በነጭ ኮላ የተያያዙ መጋጠሚያዎች በእርጥበት ይላላሉና አንድ በአንድ በጣት ይፈተሹ። ለመብረር መድረቁን የሚያረጋግጠው ሚዛን ነው፦ ሞዴሉ ከመውደቁ በፊት የነበረው ክብደት ከታወቀ ወደዚያው እስኪመለስ ድረስ ይጠበቅ። የክብደት ማዕከሉም እንደገና ይለካ፤ ጭራው አካባቢ የቀረ ጥቂት ውሃ ሞዴሉን መቆጣጠር እንዳይቻል ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜዳው በእግር ለመግባት ተፈቅዷል፤ ሣሩ ግን ገና ውሃ ነው። በዚህ ሁኔታ መብረር የሚቻልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ቀላል የፎም ሞዴል ያለ ጎማ በእጅ ተወርውሮ በሆዱ ቢያርፍ ለእርጥብ ሣር የሚስማማው እሱ ነው። ጎማ ካስፈለገ ሰፋ ያለ ዲያሜትር ያላቸው ጎማዎች ይመረጣሉ። የፊት ጎማ ያለው ሞዴል ጎማው ሲሰምጥ በአፍንጫው ይተከልና የማረፊያ እግሩን ይሰብራል፤ የጭራ ጎማ ያለውም አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ መሪ ወደ ላይ ተደርጎ ካልተያዘ በአፍንጫው መደፋቱ አይቀርም፣ ፕሮፔለሩም ጭቃውን ይመታል። ከመብረር በፊት የሬድዮ ርቀት ፍተሻው አይታለፍ፤ ብዙዎቹ የሞዴል መቆጣጠሪያዎች የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በእርጥብ ዕፅዋት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዳከም፣ ረዘም ባለ እርጥብ ሣር ላይ የተቀመጠ ሞዴል ደረቅ ሜዳ ላይ ከነበረው ባነሰ ርቀት ምልክት ሊያጣ ይችላል። በፍተሻው ጊዜ ሞዴሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ መያዝና ውጤቱን ማወዳደር ልዩነቱን ያሳያል።

ለውሃ የተሠራ ተንሳፋፊ እግር ያለው ሞዴል ካለዎት ደግሞ እርጥብና አጭር ሣር ላይ ተንሸራቶ መነሣት እንደሚችል ይወቁ፤ ጥሩ ኃይል ያለው ሞተር እስካለው ድረስ ኩሬ አያስፈልገውም። ተንሳፋፊዎቹ ግን ድንጋይና ጉቶ ላይ ስለሚበሱ መስመሩን አስቀድመው በእግር ይዩት፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም ሞዴሉን አንሥተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘንብሉት፤ ውስጣቸው ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ የማፍሰሻውን ክዳን ከፍተው እስኪጨርስ ያስወጡት።